የመሐሉ ሐረግ

ጥቅምት ፬ ቀን

ሠራተኛዬ ቱሉ ዘግይቶ መጣ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። የአሥራ ስምንት ማዞሪያው ሚኒባስ ረዳት ከሥራ ቤቴ ደጃፍ ቆሞ «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያለ እስከ ቀትር ጮኸ። ሌላ ቀን ቢሆን ከዚህ በላይ የምጽፈው አይኖርም ነበር...

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ኢንጂነር መጣ። ከቀራንዮ ወዲያ መቶ አርባ ቤት ለሚገነባ ድርጅት ይሠራል። ለማሳያ ካቆምሁት የግቢ በር ፊት ብዙ ቆመ፤ በላዩ የሠራሁትን የብረት ሐረግ በጣቱ ተከተለው። ደስ አለኝ።

«አባቴ፣ ዲዛይኑ የርስዎ ነው?»

«የማን ሊሆን ኖሯል?»

«የምዝገባ ወረቀት አለዎት? አለቆቼ ያለሱ አይዋዋሉም። ነገ አንዱ ተነሥቶ የኔ ነው ቢለን መቶ አርባ በር ልንነቅል ነው።»

እኔም ከሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ፣ የቅኔ ቤቱን ትቶ ከጎጃም በመጣ በአንድ ሰው እጅ፣ በመዶሻና በእሳት እየተገራ፣ ከኮልፌ እስከ ዘነበወርቅ ባለው ሰፈር በየደጁ የበቀለው ይህ የወይን ሐረግ፣ አባቱ ማን እንደ ሆነ ይታወቅለት ዘንድ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የሚሻ ከሆነ፣ ፀሐይም በምሥራቅ ከመውጣቷ አስቀድማ ፈቃድ ልታወጣ ይገባታል፣ ብዬ መለስሁለት።

«እሺ አባቴ» ብሎ ሄደ።

ቱሉ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ተመለከተኝ። «ጋሼ፣ ሰውዬው በር ሊገዛ መጣ፤ ስብከት ሰጥተው ሸኙት።»

መልካም ተናግሬ ነበር... አይደለም?

ጥቅምት ፲፪ ቀን

የብየዳ ኤሌክትሮድ ልገዛ አየር ጤና ወረድሁ። ኤሌክትሮድ እዚሁ ማዞሪያውም ይሸጣል። ታዲያ ለምን ያን ያህል ሄድሁ? ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለምና እውነቱን ልጻፍ፤ የወንድዬን ሥራ ቤት ለማየት ነው።

ወንድዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ከእጄ ሥር የሠራ ልጅ ነው። ሲመጣ መዶሻ እንኳ በወጉ አይዝም ነበር። የራሱን ሥራ ቤት ከከፈተ ስድስት ዓመቱ ነው። አሁን ከአስፋልቱ ዳር ሰፊ ቤት ይዟል፤ የሚበራ ማስታወቂያ ሰቅሏል፤ ላሜራን እንደ ጨርቅ የሚቆርጥ፣ ከኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን አቁሟል። ማሽኑ ወገቡን አያመውም፤ አያስለውም። እኔ አንዲት ቅጠል ለማጠፍ ትንፋሼን ስይዝ እሱ ሃያ ይቆርጣል...

ይህን ሁሉ በቻልሁት ነበር። ያልቻልሁት በደጁ የቆመውን በር ነው። ሐረጉ የእኔ ሐረግ ነው፤ መሐሉ ግን...

ለራሴ በግልጽ ልጻፈው። የግቢ በር ሁለት ክንፍ አለው። ሲዘጋ ሁለቱ ክንፎች በሚገናኙበት ቦታ የእኔ ሐረግ ይቋረጣል፤ ከግራ የመጣው ከጠርዙ ይቆማል፣ ከቀኝ የመጣውም እንዲሁ፤ በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት የብረት እንቡጥ በይጄ እሸፍነዋለሁ። ሠላሳ ዓመት እንቡጥ በየድሁ። ደንበኛው ጌጥ መስሎት አደነቀ፤ እኔም ጌጥ ነው አልሁ። በወንድዬ በር ላይ ግን እንቡጥ የለም። የግራው ክንፍ ሐረግ ከጠርዙ አልፎ ይወጣና፣ በቀኙ ክንፍ ላይ በተተወለት ባዶ ስፍራ፣ ሰይፍ በሰገባው እንደሚተኛ ይተኛል። በሩ ሲዘጋ ሐረጉ አንድ ነው። የት ላይ እንደሚለያይ አይታወቅም።

ልመለስ ዘወር አልሁ።

ወንድዬ አይቶኝ ሮጦ ወጣ፤ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። «ጋሼ! ይግቡ እንጂ! ሜሪ፣ ለጋሼ ወንበር አምጪ!» ሜሪ ሚስቱ ናት።

«እቸኩላለሁ።»

«ልመጣ ነበር እኮ ጋሼ... አንድ ኢንጂነር መጥቶ ወረቀት ካላመጣህ አለኝ። የበሩን ንድፍ ላስመዘግብ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ። ቀድሜ ሳልነግርዎ...»

«የማንን በር?»

መልሱን ሳልጠብቅ ሄድሁ። ኤሌክትሮዱንም ሳልገዛ።

ጥቅምት ፲፫ ቀን

ቅናት አይደለም። ግፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለባለቤቴ ለወለተጻድቅ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳኋት።

«ጨረስህ?» አለች። «በል አሁን ቅናት የሌለበትን ድገመው።»

ጥቅምት ፲፮ ቀን፣ እሑድ

የልጄ ልጅ ትርንጎ ከቅዳሴ መልስ መጣች። ሕግ ተምራ ከአንድ ጠበቃ ዘንድ ትሠራለች። ወንድዬን እከስሰዋለሁ አልኋት። ስልኳን አወጣች።

«አባባ፣ መጀመሪያ ይሄን አብረን እንይ።»

የወንድዬ ሥራ ቤት በተከፈተ ዕለት ሜሪ የቀረፀችው ቪዲዮ ነው። እኔ ቆሜ እመርቃለሁ። ዘጠኝ ደቂቃ! አባቴ ቄስ ነበርና ከእሳትና ከብረት ጋር ዋለ ብሎ ሳይመርቀኝ ሞተ፤ ስለዚህ እኔ ስመርቅ አላሳጥርም።

«...ልጄ ወንድዬ፣ ከእጄ የወጣው ሁሉ ከእጅህ ይውጣ፤ የሣልሁትን ሣለው፣ የቀጠቀጥሁትን ቀጥቅጠው፤ ሐረጌ በደጅህ ይብቀል፣ ፍሬውንም አንተና የልጅ ልጆችህ ብሉት፤ የእኔ ነው ብሎ የሚከለክልህ አይኑር...»

ሕዝቡም፦ አሜን!

«አባባ፣ ይሄ ምርቃት ነው ወይስ ውል?»

«ምርቃት ነዋ!»

«ዳኛ ፊት ቢቀርብ ፈቃድ ይመስላል። ያውም ከነምስክሩ። መቶ ሰው አሜን ብሎበታል።»

ያችን «የሚከለክልህ አይኑር» የምትለዋን ለማሳረጊያ ብዬ ነበር የጨመርኋት። ያለ እርሷ ዜማው አይሞላም ነበር...

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። ንድፍ የሚመዘገበው አዲስ ሲሆን ብቻ ነው አለችኝ።

«ሐረጉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ደጅ ተሰቅሎ ኖሯል። አዲስ አይደለም። ያን ጊዜ አስመዝግበውት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። አሁን ግን የርስዎም የወንድዬም አይደለም፤ የፈለገ ሁሉ ይሠራዋል።»

«ታዲያ እርሱ እንዴት ያስመዘግበዋል?»

«እሱ ያመለከተው ለሐረጉ አይደለም፤ ለመሐሉ ነው። ሁለቱ ክንፎች ለሚገናኙበት። ይኸው ማመልከቻው። ግልባጩን ራሱ ነው የሰጠኝ፣ ጋሼ ያንብቡት ብሎ።»

አሳቢነቱ ይባስ አናደደኝ።

«መሐሉንም እኔ ቀድሜ ሠርቼው ከሆነስ?»

«የሠሩበትን አንድ በር ያሳዩዋቸዋል። አንድ ይበቃል። ያኔ የሱም ማመልከቻ ይወድቃል፤ ወረቀት ከሌለ ደግሞ የመቶ አርባው ቤት ውል የለም።» ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሠርተውታል እንዴ?» አለች።

ሳል አሳለኝ።

ስትወጣ ከበሩ ተመልሳ፣ «እርስዎስ ሐረጉን ከየት አመጡት?» አለችኝ። ከሀገሬ ደብር፣ ከአንድ የብራና ዳዊት ሕዳግ ላይ ነው። የሣለው ሰው ስሙን አልጻፈም ነበር።

«አስፈቅደውታል?»

«ከሞተ ሁለት መቶ ዓመቱ ነው።»

«ተመችቶዎታል» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ጥቅምት ፳፩ ቀን

የተቃውሞ ደብዳቤዬን ጻፍሁ። ዐሥራ አንድ ገጽ። ትርንጎ አንድ ገጽ አደረገችው። ካስቀረቻቸው ዐረፍተ ነገሮች አንዱን ብቻ ለመሥራት ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር።

በቀረው ገጽ ላይ ግን አንድ መስመር አለ፤ እኔ ያስጨመርሁት። «የሁለቱን ክንፎች መጋጠሚያ አመልካቹ ከመሥራቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ሠርቼዋለሁ» ይላል።

ሠርቼዋለሁ? አንድ ጊዜ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ለሻምበሉ ቤት... ልሠራው አስቤ ነበር። ማሰቤን አስታውሳለሁ። መሥራቴንስ?

ፈረምሁ።

ኅዳር ፲ ቀን

በጽሕፈት ቤቱ ቀረብን። ጉዳዩን የምትመረምረው ፅዮን የምትባል ሴት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጥያቄዋ የማያወላዳ። ወንድዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተከርክሞ መጥቷል። እኔ ስገባ ተነሥቶ ቆመ፤ እስክቀመጥም አልተቀመጠም። አለባበሱ ያምርበት ነበር። እኔ በእርሱ ዕድሜ ሙሉ ልብስ አልነበረኝም...

«አባቴ፣ መጋጠሚያውን ቀድሜ ሠርቻለሁ ብለዋል። መቼ?»

«በሰማንያ ዘጠኝ ይመስለኛል።»

«አቶ ወንድዬ፣ ለዚህ መልስ አለዎት?»

ቀና ብዬ አየሁት። ያውቃል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንቡጦቼን የሞረደው እርሱ ነው፤ አንድም ቀን መሐሉን እንዳልሠራሁት ከእኔ ይልቅ ያውቃል። አንዲት ቃል ቢናገር አበቃልኝ።

ወለሉን ተመለከተ። «ጋሼ ሠርቻለሁ ካሉ... እኔ ምን እላለሁ።»

«ይሄ መልስ አይደለም።»

«ሌላ የለኝም።»

እስከ ኅዳር ሃያ አራት በሩን በፎቶግራፍ አስደግፌ እንዳቀርብ፣ እርሷም ስፍራው ድረስ መጥታ እንደምታየው ተነገረኝ።

መምህሩን በሰው ፊት አላዋረደም። መቶ አርባውን ቤት በአፉ ይዞ ዝም አለ። እኔ ስልሳ ዓመት ንግግር ተማርሁ፤ የእርሱ ዝምታ ግን ከንግግሬ ሁሉ አማረ። በዝምታውም ቀናሁበት።

ኅዳር ፲፬ ቀን

ዘነበወርቅን በእግሬ ዞርሁት፤ ከሆስፒታሉ አጥር ጀምሬ እስከ ታችኛው ሰፈር። ዐሥራ ዘጠኝ በሮቼን አገኘሁ። ዐሥራ ዘጠኝ እንቡጥ። አንዳንዱ ዝጓል፤ አንዱን መኪና ገጭቶታል፤ አንዱ ላይ «ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፎበታል።

በመጨረሻ የሻምበሉ ቤት። ሻምበሉ ካረፉ ቆይቷል፤ ባለቤታቸው ብቻቸውን አሉ። በሩ እንደ ሠራሁት አለ፤ ሐረጉ ከጠርዙ ቆሟል። እንቡጥ።

ወይዘሮዋ በደስታ ተቀበሉኝ። «ጋሽ ወልዴ! በሩን ሊያድሱልኝ ነው? እግዜር ያምጣዎት!»

እኔ እድሳት አላልሁም ነበር። እርሳቸው ናቸው ያሉት። እኔ እሺ ብቻ ነው ያልሁት...

ኅዳር ፲፯ ቀን

ያላሳፈረኝን ሁሉ ስጽፍ ኖሬ ያሳፈረኝን ብተው ይህ ደብተር ምን ይረባኛል?

ከቱሉ ጋር ብየዳውን ጭነን ወደ ሻምበሉ ቤት ሄድን። አሳቤ እንቡጡን ነቅዬ የግራውን ሐረግ እንደ ወንድዬ አድርጌ አስረዝሜ፣ በአሮጌ ቀለም አስቀብቼ፣ በሰማንያ ዘጠኝ የተሠራ ማስመሰል ነበር።

ቱሉ ገብቶታል። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚወለድ ልጅ ነው እንዴ የምንሠራው?»

«ሥራህን ሥራ።»

ሠራን። ወይዘሮዋ ከግቢው ውስጥ ሆነው ያበረታቱናል። ሐረጉን በልኬት አጠፍሁት፣ በየድሁት፣ ሞረድሁት፤ በሩን ዘጋነው። ከውጭ ሆኜ አየሁት። አማረ። ለአንዲት ቅጽበት የእኔ ሆነ...

ቀጥሎ ወይዘሮዋ ሊከፍቱት ሳቡት። እንቢ አለ። የበየድሁት ሐረግ የቀኙን ክንፍ ነክሶ ያዘው። ገፋን፤ ሳቡ፤ ቱሉ በትከሻው ገፋ። ንቅንቅ የለም።

«ጋሽ ወልዴ» አሉ ከውስጥ፣ «በገዛ ቤቴ ቆልፋችሁብኝ ነው?»

«ጥቂት ይታገሡኝ እመቤቴ።»

«ገበያ መሄዴ ነው እኮ!»

ሦስት ጊዜ አስተካከልሁት። አንድ ጊዜ ከፍ አድርጌ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጌ፣ አንድ ጊዜ ከማጠፊያው ፈትቼ። ሲከፈት አይዘጋም፤ ሲዘጋ አይከፈትም። የጎረቤት ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴት «ሌባ ገብቶ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ቱሉ መለሰላት፦ «አልገባም። ሊገባ እየሞከረ ነው።»

ሰማሁት።

በግራይንደር ቆረጥነው። እንቡጡን መልሰን በየድነው። ወይዘሮዋ ወጥተው እንቡጡን በነጠላቸው ጠረጉት። «ድሮም እሷን ነበር የምወዳት» አሉ። «ማን ንኩ አላችሁ?»

ኅዳር ፲፰ ቀን

ለመስረቅ እንኳ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኅዳር ፳፬ ቀን

ፅዮን፣ «አባቴ፣ ማስረጃዎን አመጡ?» አለች።

ለዚህ ሰዓት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ስለ ብራናው ዳዊት፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ሠላሳው ዓመት፣ ሰው የዘራውን ሌላ ሲያጭደው ስለሚሰማው ነገር፤ መነሻው ከፍ ብሎ፣ መካከሉ ሰፍቶ፣ ማሳረጊያው የሚያስለቅስ። ተነሥቼ ቆምሁ። ወንድዬም ተነሣ፤ እኔ ስቆም አይቀመጥምና። ሁለታችንም ቆመን ሳየው ንግግሩ ከአፌ ጠፋ።

«ማስረጃ የለም» አልሁ። «መሐሉን አልሠራሁትም። እርሱ ነው የሠራው።»

«ታዲያ ለምን ጻፉት?»

«ቀንቼ ነው።»

ብዕሯ ቆመ። ወንድዬ «ጋሼ...» አለ። በእጄ ዝም አሰኘሁት። ተቃውሞዬን ማንሣቴን በወረቀት አድርጋ አስፈረመችኝ። ስትሸኘኝ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ርኅራኄዋን አልወደድሁትም።

ወንድዬ ደጅ ድረስ ተከተለኝ። «መኪና ይዣለሁ፣ ላድርስዎ ጋሼ።» በሚኒባስ ሄድሁ። መኪናውም አዲስ ነው...

ጥር ፫ ቀን፣ እሑድ

ቱሉ ወሬ አመጣ። ወንድዬ ወረቀቱ ወጥቶለታል፤ ከድርጅቱም ጋር ተፈራርሟል። መቶ አርባ በር። እኔ በሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሁለት መቶ ይሞላ ይሆን?

ምሳ አልበላ አለኝ። ወለተጻድቅ አየችኝና ወደ ግቢያችን በር በአገጯ አመለከተች። የእኛ በር ቆርቆሮ ነው። መቀርቀሪያው ከተሰበረ ዓመት ስላለፈው በገመድ ይታሰራል።

«የሰው በር ሲያንገበግብህ ኖረ» አለች። «የራስህ ግን በገመድ ነው። በል ከቀናህ ለሱ ቅና።»

ጥር ፲፫ ቀን

አየር ጤና ወረድሁ። በዚህ ጊዜ ስለ ኤሌክትሮድ ለራሴ አልዋሸሁም። ወንበሩንም ተቀበልሁ።

«ወንድዬ፣ መሐሉን በቤቴ በር ላይ ልሠራው እሻለሁ። ፈቃድህን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ደነገጠ። «ምን ነካዎት ጋሼ? ለርስዎ ቤት? ይሥሩታ! የምን ፈቃድ ነው?»

«ጻፈው።»

«ኧረ በቃል ይበቃል...»

«በቃል የሰጠሁህን ልነጥቅህ መጥቼ ነበር። ጻፈው።»

ሜሪ ወረቀት አመጣች። ሁለት መስመር ጻፈ፤ «ለመምህሬ ለአቶ ወልደጊዮርጊስ» ብሎ ይጀምራል። «መምህሬ» የምትለው ቃል ለሕጉ አታስፈልግም ነበር። ይሰርዛት አላልሁም።

«አሁን እንዴት እንደምትሠራው ንገረኝ። እኔ ሞክሬው በር ነክሶብኛል።»

ሳቁን ዋጠው። ቱሉ ነግሮት ኖሯል። «ጋሼ... እርስዎ በሩን ከጠረጴዛ ሳይነሣ ይጨርሱታል። ብረት ግን ሲሰቀል በክብደቱ ይወርዳል። እኔ በሩን ሰቅዬ አንድ ሳምንት አሳርፈዋለሁ። የሚወርደውን ወርዶ ሲሰክን ነው መሐሉን እዚያው በቆመበት የምሠራው።»

ይኸው ነው። ምስጢሩ ይኸው ነው! ማሽን አይደለም፣ ኮምፒዩተር አይደለም። አንድ ሳምንት መጠበቅ።

«ይህን መቼ ዐወቅህ?»

«እርስዎ ዘንድ እያለሁ። በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል።»

«ስምንት ዓመት ከጎኔ ሆነህ እንቡጥ ስበይድ እያየህ ነበር ማለት ነው? ለምን አልነገርኸኝም?»

ወንድዬ መዳፎቹን አሻሸ። «እንዴት ብዬ?»

እንዴት ብሎ? እኔ የተናገርሁት ሲታረም አልወድም፤ ቅኔ ቤት ሳለሁ ጀምሮ። እርሱም እንደ ሥርዓቱ ያደገ ልጅ ነው። ሐረጉ ስምንት ዓመት ከሥራ ቤቴ ውስጥ ተገናኝቶ ነበር፤ በእርሱ አፍ ውስጥ።

ስነሣ፣ «አንዱን ክንፍ እኔ ልሥራልዎ» አለ። «ግራውን። ቀኙ የርስዎ ይሁን።»

የካቲት ፩ ቀን፣ እሑድ

ሁለቱን ክንፎች ሰቀልን። መሐሉ ባዶ ነው። ወለተጻድቅ ለጊዜው ገመዷን መልሳ አሰረችበት። የወንድዬን ብየዳ በጣቴ ዳሰስሁት፤ እንደ ውኃ ለስላሳ ነው። የእኔን ዳሰስሁት። እጄን ወደ ኪሴ ከተትሁ።

የካቲት ፬ ቀን

እየጠበቅሁ ነው። ዐሥር ጊዜ ወጥቼ አየሁት። ወለተጻድቅ «ቁጭ በል፣ ብረቱ አያመልጥህም» ትላለች።

የካቲት ፰ ቀን፣ እሑድ

ወንድዬ ጠዋት ከነመሣሪያው መጣ። ቱሉም መጣ፤ ጥሪ ሳይኖረው፣ ለማየት። የግራውን ሐረግ አጠፈ፤ እኔ በቀኙ ክንፍ የሚተኛበትን ስፍራ አበጀሁ። ሲገጠሙ ሁለት ሚሊ ያህል ተጋፉ።

ወንድዬ ውሃ ልኩን አነሣ፤ በእርሱ ክንፍ ላይ አስቀመጠ፤ በእኔ ክንፍ ላይ አስቀመጠ። ፈጠን ብሎ ወደ ኪሱ ከተተው።

«የኔ ነው የረዘመው ጋሼ» አለ፤ ግራይንደሩንም አነሣ።

የውሃ ልኩ አረፋ በእኔ ክንፍ ላይ ወደ ጎን ስትሸሽ አይቻለሁ። እንዳየሁም አይቷል። ቱሉ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

«ወንድዬ። ‹እንዴት ብዬ› አትበለኝ። ስሕተቱ የማን ነው?»

ግራይንደሩን ዝቅ አደረገ።

«...የርስዎ ነው ጋሼ።»

«አምጣው።»

ከእጁ ተቀብዬ የእኔን ሞረድሁ። ዘጋነው። ወለተጻድቅ ከውስጥ ከፈተችው፤ ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው። ገመዱን ከምሶሶው ፈትታ አጣጥፋ ይዛ ገባች።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ከደጄ ቆሜ ሳለሁ ጎረቤታችን ሰልሳቢል ከሱቅ ስትመለስ ቆመች። «ጋሽ ወልዴ! መሐሉ እንዴት አምሯል! እጅዎ መቼም አያረጅም።»

ምስጋና መውደዴ የዛሬ አይደለም። ደግሞም ብቻችንን ነበርን፤ ማንም አይሰማም።

«መሐሉ የወንድዬ ነው» አልሁ።

እርሷ ካለፈች በኋላ ተጠግቼ በሐረጉ መጋጠሚያ በኩል ክፍተት ፈለግሁ። ጥፍሬን ላስገባ ሞከርሁ። መነጽሬን ጠርጌ ደገምሁ። አጣሁ።

ነገ ጠዋት፣ ፀሐይ ከፊት ለፊት ስትመታው፣ እንደ ገና እፈልጋለሁ።